ሰውነቱ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ የቀረበትን የቀድሞ ወታደር ለኤምአርአይ ማዘጋጀት፦ ለራዲዮሎጂ ክፍል የአሠራር መመሪያ

ራጅ በ1895 መጨረሻ በተገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ ለጦር ሕክምና ዋለ፤ አጀማመሩም ከእኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። በሜይ 1896 ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን ጦር ሐኪም ኔፕልስ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት በራጅ ፈልጎ አገኘ። የቀድሞ ወታደሮችን የሚያስተናግድ ራዲዮሎጂ ክፍል ዛሬም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። የተጨመረው ነገር ቢኖር ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ ትልቅ የኤምአርአይ ማግኔት ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ጡንቻ ውስጥ ያለ ሕመም የተቀመጠ ቁራጭ ብረት፣ ባለቤቱ የኤምአርአይ ክፍል በር ላይ ሲደርስ አዲስ ጥያቄ ያስነሳል፤ ያንን ጥያቄ የሚመልሰው ደግሞ በሩ ላይ የቆመው ቴክኖሎጂስት ነው።

መመሪያው የተጻፈው ለራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስቶችና ታካሚ ለሚልኩ ሐኪሞች ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. ስለ ብረት ሳይሆን ስለ ቁስል ጠይቁ

የተለመደው የኤምአርአይ ቅጽ «ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ይላል። የቀድሞ ወታደር «የለም» ብሎ ቢፈርም ዋሸ ማለት አይደለም። ሐኪሙ «አውጥተነዋል» ብሎታል፤ የወጣው ግን ትልቁ ነው፣ ደቃቆቹን ማንም አልፈለጋቸውም። ከሞርታር ወይም ከፈንጂ የተረፈው ደግሞ ቆዳው ላይ የነበረው ጭረት ከዳነ ወዲህ ነገሩን ረስቶታል። ቅጽ ማስፈረም ማጣራት አይደለም። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦

– ቆስለው ያውቃሉ? ስንት ጊዜ? የትኛው አካልዎ ላይ?
– የመታዎት ምን ነበር? ክላሽ፣ ብሬን፣ ሞርታር፣ የእጅ ቦምብ፣ የተቀበረ ፈንጂ?
– አጠገብዎ የፈነዳ ነገር ነበር? ያኔ ፊትዎ ወይም ዓይንዎ ተነክቶ ነበር? ዓይንዎንስ ሐኪም አይቶት ነበር?
– ኦፕራሲዮን ተደርገዋል? ከሆስፒታል ሲወጡ «ውስጥ የቀረ አለ» ያለዎት ሰው ነበር? ፕሌት፣ ብሎን ወይም ዘንግ ገብቶልዎታል?
– ከሠራዊቱ ከወጡ በኋላ በብየዳ ወይም ብረት በመቁረጥና በመሞረድ ሥራ ላይ ነበሩ?
– እቤት የተቀመጠ የድሮ ራጅ አለ?

የብየዳው ጥያቄ ትርፍ አይደለም። ከሠራዊት የወጣ ብዙ ሰው ጋራዥና ብረታ ብረት ቤት ይገባል፤ ዓይን ውስጥ የምትቀር ደቃቅ ብረት ከዚያም የመምጣቷ ዕድል ሰፊ ነው።

ጥያቄው ሰው በሌለበት ክፍል፣ በር ተዘግቶ ይሁን። ወረፋ ላይ በተቀመጡ ሰዎች መካከል «የት ተመቱ?» ቢባል ብዙው ዝም ይላል። የትኛው ግንባር፣ በየትኛው ወገን የሚለው ለምርመራው አንዳች አይጠቅምምና አታንሱት። አማርኛ የማይቀናው ከሆነ በአፍ መፍቻው የሚያናግረው ሰው ጥሩ። ከዚያ ሌላ ባለሙያ ያንኑ ጥያቄ ከመግቢያው በር ላይ በድጋሚ ይጠይቅ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ያስታወሰውን ሰው ሁለተኛው ያናግረዋል።

ራሱን ስቶ የመጣ ወይም መናገር የማይችል ከሆነ ጠባሳውን ተመልከቱ፤ የራስ ቅል፣ የደረት፣ የሆድና የዳሌ ራጅ፣ እንዲሁም ጠባሳ ያለበትን አካል ሁሉ አንሱ።

2. ጠባሳውን ቁጠሩ

ልብስ ሙሉ በሙሉ ወልቆ ጋውን ይለበስ። የአንገት መስቀል፣ ሰዓት፣ ቀበቶ፣ ሳንቲም ይውጣ። ክታብ ያሰረ ሰው ካለ፣ አንዳንዱ በቆርቆሮ የተሸፈነ ስለሆነ ምክንያቱን በአክብሮት አስረድታችሁ አብሮት የመጣ ቤተሰብ እጅ ላይ እንዲያስቀምጠው አድርጉ፤ በራሳችሁ እጅ አትፍቱት።

ለጥይት ቁስል የሚረዳ ቀላል ሂሳብ አለ። የቀዳዳ ጠባሳዎች ብዛትና በራጅ የታዩ ጥይቶች ብዛት ሲደመር ጥንድ ቁጥር መሆን አለበት። 1 ጠባሳ ብቻ ካለ 1 ጥይት ውስጥ ይጠበቃል፤ ድምሩ 2። 3 ጠባሳ ካለ አንዱ ጥይት ገብቶ ወጥቷል፣ አንዱ ቀርቷል፤ ድምሩ 4። ጎዶሎ ከመጣ ከእነዚህ አንዱ ነው፦ ያልታየ ጠባሳ አለ (ብብት፣ ብሽሽት፣ የራስ ጸጉር ሥርና መቀመጫ ዘወትር ይታለፋሉ)፤ ጥይቱ በኦፕራሲዮን ወጥቷል፤ ወይም ራጅ ካልተነሳ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ትከሻ የመታ ጥይት ሆድ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሂሳቡ ለፍንጣሪ አይሠራም፤ አንድ ሞርታር በአንድ ሰው ላይ በደርዘን የሚቆጠር ቁራጭ ይበትናል።

በየጠባሳው ላይ የወረቀት ክሊፕ በፕላስተር ለጥፉ። በፊት በኩል ላለው ጠባሳ እንዳለ፣ በጀርባ በኩል ላለው ዘርግታችሁ ለጥፉ፤ ፊልሙ ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይለያል። የጥይቱን መግቢያና መውጫ መፍረድ ግን የእናንተ ድርሻ አይደለም። ክሊፑ ብረት ነውና ስትለጥፉም ስታነሱም ቁጠሩት። ተረስቶ ከታካሚው ጋር ወደ ማግኔቱ የሄደ ክሊፕ በፍጥነት ይበራል።

3. ራጁን በሁለት አቅጣጫ አንሱ

ከአንድ አቅጣጫ የተነሳ ራጅ ብረት መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አይናገርም። ከፊት ሲታይ ሳንባ ላይ ያለ የሚመስል ፍንጣሪ ከጎን ሲታይ የጀርባ ጡንቻ ላይ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከፊትና ከጎን፣ በ90 ዲግሪ ልዩነት። የእጅና የእግር ራጅ ከጠባሳው በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ ይያዝ።

መነሻ የሚሆን ልክ፦ ለእጅ፣ ለክንድና ለቅልጥም 50–60 ኬቪ (የጨረሩን ጉልበት የሚወስን ኪሎቮልት)፤ ለጭን፣ ለዳሌና ለሆድ 70–80 ኬቪ ከግሪድ ጋር፤ ለደረት 110–125 ኬቪ ከግሪድ ጋር፣ ርቀቱ 180 ሳ.ሜ.። ሌላው ሁሉ በ100 ሳ.ሜ.። እንደ ታካሚው ውፍረትና እንደ ማሽናችሁ አስተካክሉ።

መጠን ስትለኩ ምስሉ እንደሚያገዝፍ አትርሱ። ከቱቦው እስከ ዲቴክተሩ 100 ሳ.ሜ. ሆኖ ፍንጣሪው ከዲቴክተሩ 15 ሳ.ሜ. ከፍ ካለ፣ 100ን ለ85 ስታካፍሉ 1.18 ይመጣል፤ 10 ሚ.ሜ. የሆነው 11.8 ሚ.ሜ. ሆኖ ይታያል። ይህ ልዩነት ለኤምአርአይ ውሳኔ ብዙ አይጎዳም። የዓመታት ለውጥ ሲወዳደር ግን «አድጓል» ወይም «ተንቀሳቅሷል» ወደሚል ስህተት ይወስዳል፤ ስለዚህ የቀድሞውን አነሳስ ድገሙት።

ዘወትር የሚበላሸው እነሆ። የድሮ ካሴት የሚጠቀም ክፍል ውስጥ አቧራና ጭረት ፍንጣሪ ይመስላል፤ ከተጠራጠራችሁ በሌላ ካሴት ድገሙ። ነጥቡ በአዲሱ ካሴት ላይ ከጠፋ የካሴቱ ነበር። የአጥንት ፕሌት ከኋላው ያለውን ፍንጣሪ ይሸፍናል፤ ሰያፍ አነሳስ ጨምሩ። ራጅ ላይ የማይታይ ሁሉ የለም ማለትም አይደለም፤ ብርጭቆ ይታያል፣ እንጨትና ፕላስቲክ ግን አይታዩም። የተቀበረ ፈንጂ ሽፋን ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ እብጠት ወይም መግል ያለበትን ቦታ በአልትራሳውንድ ተመልከቱ።

4. ዓይን

ከሁሉ የሚያስፈራው ቦታ ይህ ነው። ዓይን ውስጥ የቀረ ብረት ማግኔት ሲስበው የሚይዘው ጠባሳ የለም፤ ኤምአርአይ በተጀመረባቸው ዓመታት በዚህ ምክንያት ዓይኑን ያጣ የብረት ሠራተኛ በ1986 በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ፊቱ አጠገብ የፈነዳበት ወይም በብየዳ ላይ የሠራና ዓይኑ ተጎድቶ የነበረ ሰው ያለ ዓይን ራጅ አይግባ። ከጉዳቱ በኋላ የተነሳ የራስ ወይም የዓይን ሲቲ ስካን ካለው ራዲዮሎጂስቱ እሱን አይቶ ይወስን፤ ድጋሚ ማንሳት አያስፈልግም።

አነሳሱ ዋተርስ የሚባለው ነው። ታካሚው ወደ ቡኪው (ዲቴክተሩን ወደያዘው ሰሌዳ) ፊቱን አዙሮ አገጩን ያሳርፍ፣ አፍንጫው በጥቂቱ ይራቅ፤ ከዓይን ጥግ እስከ ጆሮ ቀዳዳ ያለው መስመር ከቡኪው ጋር 37 ዲግሪ ይሥራ። 70–80 ኬቪ፣ ጨረሩ በጠባብ ኮሊሜሽን ዓይን ላይ ብቻ ተወስኖ። ሁለት ራጅ አንሱ፤ አንዱን በሁለቱም ዓይኖቹ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች እያየ። ነጥቡ ከዓይኑ ጋር ቦታ ከለወጠ ዓይን ውስጥ ነው፤ ባለበት ከቀረ ከዓይን ውጭ ወይም ካሴቱ ላይ ነው። ጥርጣሬው ከቀጠለ ስስ ቁርጥ ያለው ሲቲ (1 ሚ.ሜ.) ይፈርዳል። ኩል የተኳለች ታካሚ አስቀድማ በደንብ ትታጠብ። ባህላዊ ኩል ውስጥ እርሳስ ያለበት ማዕድን ሊኖር ስለሚችል ሽፋሽፍቷ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

5. ብረቱ ምን ዓይነት ነው?

ራጅ ቅርጽ ያሳያል፤ ማግኔት የሚስበውን ከማይስበው አይለይም። የመሣሪያው ዓይነት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በተለምዶ ጥይት እርሳስና መዳብ ስለሆነ ችግር የለውም ይባላል፤ ይህ ከምዕራብ አገር መጻሕፍት የመጣ አባባል ነው፣ የእኛን ታካሚ ግን አይገልጽም። የክላሽ 7.62 በ39 የጦር ጥይት ውስጡ ለስላሳ አረብ ብረት ነው፤ ሽፋኑም በአብዛኛው በመዳብ የተለበጠ ብረት ነው። የብሬኑ 7.62 በ54 የተለመደው ጥይትም ውስጡ ብረት ነው። ሁለቱንም ማግኔት ይስባል። ከኔቶ ወገን የመጣው 5.56 ጥይት ደግሞ እንደ ዓይነቱ ነው፤ የቀድሞው ኤም 193 እርሳስና መዳብ ሲሆን ኤም 855 ጫፉ ላይ አረብ ብረት አለው። የሞርታር፣ የመድፍና የእጅ ቦምብ ፍንጣሪ ብረት ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ ካልሆነ ደስ ይበላችሁ።

ምስሉ የሚሰጠው ፍንጭ አለ። እንደ በረዶ ብናኝ በብዙ ጥቃቅን ነጥብ የተበተነ፣ ወይም እንደ እንጉዳይ የተዘረጋ ጥይት ወደ እርሳስ ያጋድላል። አጥንት ሰብሮም ቅርጹን ያልለወጠ ጥይት ውስጡ ብረት ሊሆን ይችላል። ጠርዙ የተሰነጣጠቀና የተጠማዘዘ ቁራጭ የፍንጣሪ ምልክት ነው። ሲቲ ስካናችሁ የተራዘመ ስኬል ካለው እርሳስ ከአረብ ብረት በጣም የላቀ ቁጥር ይሰጣል፤ በተለመደው ስኬል ግን ሁለቱም ጣሪያው ላይ (3071) ስለሚቆሙ አይለዩም። ይህ ሁሉ ለራዲዮሎጂስቱ ግብዓት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

በኦፕራሲዮን የወጣ ቁራጭ በታካሚው እጅ ካለ በእጅ ማግኔት ሞክሩት፤ ከዚያው ፍንዳታ የመጣው ሌላውም ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። ከኤምአርአይ ክፍሉ ርቃችሁ።

ለአጥንት የሚገባ የታወቀ ስቴንለስ ብረትና ቲታኒየም በዋናነት አያሠጋም፤ ከአጥንት ውጭ የሚታሰር ፍሬም ግን የአምራቹ ጽሑፍ ሳይታይ አይገባም።

6. ውሳኔው

የሚወስነው ራዲዮሎጂስቱ ከላኪው ሐኪም ጋር ነው፤ ቴክኖሎጂስት ብቻውን «ይግባ» አይልም፣ «አይግባ» ማለት ግን ይችላል። የሚታየው ቦታው ነው። ዓይን፣ አንጎል፣ የአከርካሪ ቦይ፣ ልብና ከትልቅ ደም ሥር አጠገብ ያለ ያልታወቀ ብረት ካለ ኤምአርአይ ይቅር፤ ሲቲ፣ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ማየሎግራም (የአከርካሪ ቦይ ውስጥ ማቅለሚያ ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ) ይታሰብ። ጡንቻ ወይም ከቆዳ ሥር ያለ አሮጌ ቁራጭ፣ ጥቅሙ ከሥጋቱ ከበለጠ፣ በጥንቃቄ ሊገባ ይችላል።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከቆየ ጠባሳ ይይዘዋል የሚለው ልማድ ለጡንቻ ይረዳል። ለዓይንና ለአንጎል አትጠቀሙበት፤ እዚያ የሚይዝ ጠባሳ እንደ ጡንቻ አይፈጠርም። «ከዚህ በፊት ኤምአርአይ ገብቼ ምንም አልሆንኩም» የሚለውም ዋስትና አይደለም፤ ያኛው ማሽን ደካማ፣ ወይም የገባበት አቅጣጫ ሌላ ሊሆን ይችላል። 1.5 እና 3 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ) አንድ አይደሉም፤ ምርጫ ካለ 1.5ቱን ውሰዱ።

7. ክፍሉ ውስጥ

ማግኔቱ የሚስብበት ኃይል የሚበረታው መሃሉ ላይ ሳይሆን አፉ ላይ ነው። መሃል ላይ ደግሞ ረጅሙን ነገር ማዞር ይበረታል። ስለዚህ ጠረጴዛውን በዝግታ አስገቡ፤ አፉ ላይ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ «የሚስብ፣ የሚያሞቅ፣ የሚወጋ ነገር አለ?» በሉ። መሃል ደርሶም ድገሙ፤ በየሲኩዌንሱ (በየምስል አነሳሱ ዙር) መካከልም ጠይቁ። የመጥሪያ ኳሱን በእጁ ጨብጦ፣ ስካን ከመጀመራችሁ በፊት ጨምቆ ይሞክር። ኖርማል ሞድ (የማሽኑ ዝቅተኛ የማሞቅ ደረጃ) ላይ ሥሩ፤ ሰውነት የሚቀበለው የሬዲዮ ሞገድ ኃይል ለመላ ሰውነት 2፣ ለራስ 3.2 ዋት በኪ.ግ. ጣሪያ ነው። ረጅምና ቀጭን ቁራጭ ይሞቃልና ለእሱ ሲኩዌንሱን በአቅም ቀንሱ።

«ይወጋኛል» ካለ ወዲያው ስካኑን አቁሙና በመጣበት መስመር በዝግታ አውጡት። በድንጋጤ ፈጥኖ መጎተት ራሱ ይጎዳል። ማግኔቱን በአስቸኳይ የሚያጠፋው ኩዌንች ቁልፍ ሰው በማግኔቱ ላይ ተጣብቆ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲወድቅ እንጂ ለሌላ ነገር አይነካም።

በሩ ላይ፦ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ፣ ክራንች፣ ተራ ዊልቼር፣ ቃሬዛና የኦክስጅን ሲሊንደር ይቁሙ። በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት ወደ ኤምአርአይ ክፍል የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር የ6 ዓመት ሕፃን ገድሏል። በወታደር ሆስፒታል ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፤ አጃቢው። በ2000 በዚያው ግዛት ማሽኑ አንድ ፖሊስ ይዞት የገባውን ሽጉጥ ነጥቆት፣ መቆለፊያው ተቆልፎ ሳለ ተኩሷል። ማንም አልተጎዳም። አጃቢ ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን መሣሪያውን ለጓደኛው አስረክቦ ይግባ፤ ይህን በበሩ ላይ በጽሑፍ ማስቀመጥ ክርክርን ይቀንሳል።

የማሽኑ ድምፅ ለብዙ ሰው መትረየስ ይመስላል፤ ለተዋጋ ሰው ከመምሰልም ያልፋል። ከመጀመራችሁ በፊት ድምፁን ቅዱና አሰሙት፣ የሚጀምርበትን ደቂቃ ተናገሩ። ከኋላ አትጠጉት፣ ሳትናገሩ አትንኩት። የጆሮ መሰኪያና ጆሮ መሸፈኛውን ሁለቱንም ስጡ። ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ከሆነ እግሩን አስቀድማችሁ አስገቡ፤ ራሱ ከውጭ ይቀራል። ቤተሰብ አጠገቡ ይቀመጥ ከተባለ ቤተሰቡም ያንኑ መጠይቅ ያልፋል።

ምስሉን ለማዳን፦ ግራዲየንት ኢኮ የሚባለውን ሲኩዌንስ ተዉ፣ ቱርቦ ስፒን ኢኮ የሚባለውን ተጠቀሙ፤ ባንድዊድዙን ከፍ፣ ቁርጡን ስስ አድርጉ፤ የስብን ምልክት ከምስሉ ለማጥፋት ስቲር የሚባለው ዘዴ ይሻላል፣ ኬሚካል ፋትሳት ብረት አጠገብ ይበላሻል።

8. ሲቲ ከተመረጠ

140 ኬቪ፣ ስስ ቁርጥ፣ የብረት ጥላ ማስወገጃው ይብራ፤ ባለ ሁለት ኢነርጂ ማሽን ካላችሁ ከ100 እስከ 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (keV) ያለውን ሞኖኢነርጄቲክ (በአንድ ጉልበት ልክ የተሰላ) ምስል አውጡ። ማስወገጃው አንዳንዴ የሌለ ጠርዝ ይፈጥራል፣ ያለውንም ያጠፋል፤ ያልተስተካከለውንም ምስል ሁልጊዜ ላኩ። በሰፊ የአጥንት ዊንዶ ተመልከቱ፤ በጠባብ ዊንዶ ፍንጣሪው ከትክክለኛ መጠኑ ገዝፎ ይታያል።

9. ሪፖርቱና ካርዱ

«በርካታ የብረት ቁርጥራጮች ታይተዋል» የሚል ሪፖርት ለሚቀጥለው ክፍል ምንም አይነግርም። ብዛት፣ ትልቁ በሚ.ሜ.፣ ቦታ፣ ከመገጣጠሚያና ከደም ሥር ያለው ርቀት ይጻፍ። በተለይ ቁራጩ መገጣጠሚያ ውስጥ ካለ በግልጽ ተናገሩ። የመገጣጠሚያ ፈሳሽ እርሳስን ቀስ በቀስ ያሟሟል፤ ዓመታት ሲያልፉ በደም ውስጥ ይታያል፤ ራጁም ላይ መገጣጠሚያውን በነጭ ብናኝ የተሣለ ያስመስለዋል። የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የደም ማነስና የመርሳት ችግር ያለው የቀድሞ ወታደር የደም እርሳስ መጠኑ ይመርመር።

አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩና ከ2001 በኋላ በአሜሪካ ጦር ኢራቅ ወይም አፍጋኒስታን ዘምተው ፍንጣሪ የቀረባቸው ወገኖች ይህን ክትትል በቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ሐኪማቸው በኩል ይጠይቁ፤ በባልቲሞር በ2008 የተቋቋመ፣ በሰውነት የቀሩ ፍንጣሪዎችን የሚከታተል ማዕከል አለ። በ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት የተሟጠጠ ዩራኒየም የነካቸውን የሚከታተለው መርሐ ግብርም እዚያው ከ1993 ጀምሮ ይሠራል፤ ምርመራው የሽንት ነው። ስፔሻሊስት ጋ ለመድረስ በቪኤ በኩል ከ28 ቀን በላይ መጠበቅ ወይም ከ60 ደቂቃ በላይ መንዳት ግድ ከሆነ ከቪኤ ውጭ ባለ ሐኪም የመታየት መብት ይገኛል፤ በዚህ መንገድ ወደ ግል ማዕከል የሚላክ ሰው የራጅ ሲዲውን በእጁ ይዞ ይሂድ፤ ያኛው ማዕከል የቪኤን መዝገብ ላያይ ይችላል።

እዚህም ቢሆን ፊልሙ በታካሚው ቤት በትልቅ ፖስታ ይቀመጣል እንጂ አይጣል። ከፖስታው ጋር እጅ የምታህል ካርድ ጻፉለት፦ ስም፣ የራጁ ቀን፣ የብረቱ ቦታ በቀኝ ወይም በግራ ተለይቶ፣ ትልቁ ስንት ሚ.ሜ. እንደሆነ፣ የኤምአርአይ ውሳኔው («1.5 ቴስላ ተፈቅዷል» ወይም «አይግባ»)፣ የራዲዮሎጂስቱ ፊርማና ማኅተም። ካርዱን በላሚኔት አሽጉት፣ ቅጂውን በመዝገቡ ውስጥ አስቀምጡ፤ እንደገና ከቆሰለ ወይም ኦፕራሲዮን ከተደረገ ካርዱ እንደሚሰረዝና አዲስ ራጅ እንደሚያስፈልገው ለራሱም ለቤተሰቡም ንገሩ።